ጥላ፣ ሠንጠረዥና ስልክ፦ የዘወትር የኢንተርኔት መሣሪያዎች በክፍል ውስጥ

በተማሪዎች ተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ለትምህርት ተብለው የተሠሩ አይደሉም። የመልእክት መለዋወጫው ለወዳጅ ዘመድ ጨዋታ፣ የካርታው ፕሮግራም መንገድ ለሚፈልግ አሽከርካሪ፣ የሠንጠረዡ ፕሮግራም ደግሞ ለሒሳብ ሠራተኛ የተዘጋጁ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚሁ መሣሪያዎች በአንድ ጥሩ ጥያቄ ዙሪያ ሲሰባሰቡ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገዝተው ሊያሟሉት ያልቻሉትን የላቦራቶሪ ዕቃ በከፊል ሊተኩ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ አንድ የታወቀ ሙከራ ወስደን፣ ሥራው በሚጠይቀው ቅደም ተከተል እያንዳንዱን እንመለከታለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሳተላይት የሚተላለፈው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ሲጀመር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከተማሪዎችና ከመምህራን ይሰማ የነበረው ዋነኛ ቅሬታ የሥርጭቱ ጥራት ብቻ አልነበረም። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መምህር አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይመለስም፤ እጁን ያወጣውን ተማሪም አያይም። ዛሬ በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች ከዚያ የሚለዩት ከተማሪው መቀበል በመቻላቸው ነው። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ወደ ክፍል ከማስገባታችን በፊት «ተማሪው በዚህ ላይ ምን ያስገባል?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ስልኩ ትንሽ ፕላዝማ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶችና ሁለት በትሮች

በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የመሬትን ዙሪያ ለማስላት የተጠቀመበት ዘዴ በመማሪያ መጻሕፍት በሰፊው ይጠቀሳል። በበጋው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በስዬኔ፣ ማለትም በዛሬዋ አስዋን፣ ከአናት በላይ ስትሆን በእስክንድርያ ግን የክብ 50ኛ ክፍል፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ታዘነብል ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲያ ነው ስለተባለ፣ 50 ጊዜ ሲባዛ 250,000 ስታዲያ ሆነ።

ይህን ሙከራ በኢትዮጵያ ውስጥ ለማካሄድ በሰሜንና በደቡብ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ ሁለት የአንድ ሜትር በትሮችና አንድ የመልእክት ቡድን ይበቃሉ። ለምሳሌ ያህል ባሕር ዳርንና ሐዋሳን እንውሰድ። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ፣ ሐዋሳ ደግሞ በ7.1 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይገኛሉ። ለሙከራው የሚመቸው ወቅት ታኅሣሥ አጋማሽ ነው፤ ሰማዩ በአብዛኛው ጥርት ያለ ሲሆን ፀሐይም በደቡብ በኩል እጅግ ርቃ ስለምትገኝ ጥላው ለመለካት የሚበቃ ርዝመት ይኖረዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን እኩለ ቀን ላይ የአንድ ሜትር በትር ጥላ በባሕር ዳር 70 ሳንቲ ሜትር፣ በሐዋሳ 59 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚሆን ከኬክሮሳቸው ማስላት ይቻላል። ይህን ስሌት ግን መምህሩ ለራሱ ይያዘው። ተማሪው መልሱን አስቀድሞ ካወቀ የሚለካው ጥላውን መሆኑ ይቀርና መልሱን መፈለግ ይጀምራል።

በትሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማረጋገጥ የግንበኛ ቱምቢ፣ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ለማየት ውኃ ልክ ያስፈልጋል። በእነዚህ ላይ መሳሳት የለብንም፤ ወደ ጥላው አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ያዘነበለ በትር የጥላውን ጫፍ 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሸራትተዋልና። በተጨማሪም የጥላው ጫፍ ስለታም እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ወዲያውኑ ያስተውላሉ። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ሆና ስለምትታየን፣ የጥላው ጠርዝ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ደብዛዛ ክፍል አለው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የደብዛዛውን ክፍል መጀመሪያ፣ መሀል ወይስ መጨረሻ እንደሚለኩ አስቀድመው ካልተስማሙ ልፋታቸው ይበላሻል። የመልእክት ቡድኑ የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ከልኬቱ በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን የበትሩንና የጥላውን ፎቶግራፍ ልኮ «እኛ የምንለካው እዚህ ላይ ነው» ይበል። (ማንም ተማሪ ፀሐይዋን በዓይኑ እንዳያይ ማሳሰብ የመምህሩ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ሙከራ ማየትም አያስፈልግም።)

ስድስት ሰዓት መቼ ነው?

ብዙ ተማሪዎች ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው ሰዓቱ ልክ ከቀኑ 6፡00 ሲል ይመስላቸዋል። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ከዚያ በስተምዕራብ ላለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ትዘገያለች። በዚህ ላይ ከወቅቱ ጋር የሚለዋወጥ፣ በጥቅምት መጨረሻ እስከ 16 ደቂቃ የሚደርስ ልዩነት ይጨመራል። በታኅሣሥ አጋማሽ የፀሐይ እኩለ ቀን በባሕር ዳር ከቀኑ 6፡28፣ በሐዋሳ 6፡24 ገደማ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተደዋውለው «አሁን እንለካ» ማለት የለባቸውም። ሁለቱም ከ6፡00 እስከ 7፡00 ሰዓት በየ5 ደቂቃው ይለኩና አጭሩን ጥላ ይውሰዱ።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም እንቅፋት አለ። ስልኩ 12፡28 ሲል ተማሪው 6፡28 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ከስልኩ እንዳለ ይገለብጣል። ቀኑም እንደዚሁ በሁለት አቆጣጠር ይመዘገባል። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚያውቁት የፈረንጆችን ቀን ስለሆነ፣ የእኛን ቀን ሲያገኙ ሳይጠይቁ ወደማይሆን ቀን ሊቀይሩት ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ የትኛው ሰዓትና የትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ በግልጽ ማስፈር፣ የእኛን ቀን መጻፍ ከተፈለገም ዓምዱን «ጽሑፍ» ወደሚለው ዓይነት መለወጥ ነው።

የጋራው ሠንጠረዥ

በእኔ አመለካከት ከዘወትር መሣሪያዎች ሁሉ ለሳይንስ ክፍል ይበልጥ የሚጠቅመው፣ እጅግ የተዘነጋውም፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት የጋራ ሠንጠረዥ ነው። ጉግል ሺትስ የታወቀው ምሳሌ ነው። ተማሪዎች ሠንጠረዥን የሚያውቁት በአብዛኛው የውጤት መደመሪያ አድርገው ነው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የአርባ ሰው ልኬት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን ያዩት ጥቂቶች ናቸው።

አንድ ረድፍ አንድ ልኬት ይሁን። ዓምዶቹም ቀን፣ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት፣ ቡድን፣ የበትሩ ቁመት፣ የጥላው ርዝመት፣ የጥላው አቅጣጫ፣ የለካው ተማሪና አስተያየት ይሁኑ። መለኪያው በራስጌው ላይ ብቻ ይጻፍ፤ በሳጥኑ ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ «ሳ.ሜ.» ተብሎ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ፊደል ይቆጥረውና ማስላቱን ይተወዋል። የመጀመሪያው ልኬት የተጻፈባቸው ዓምዶች ከተሞሉ በኋላ ይቆለፉ፤ ስሌቱ ሁሉ በሌላ ገጽ ላይ ይሠራ። ስሕተት የመሰለ ቁጥርም አይሰረዝ። በ70ዎቹ መካከል 7.0 የሚል ልኬት ብናገኝ የነጥብ ግድፈት መሆኑን ለመገመት አያዳግትም፤ ነገር ግን ቁጥሩን መለወጥ ያለበት የለካው ቡድን ራሱ ነው፤ ምክንያቱም በአስተያየት ዓምዱ ውስጥ ይጻፍ። የሠንጠረዡ የለውጥ ታሪክ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ስለሚያሳይ መምህሩ የላቦራቶሪ ደብተር የሚመረምርበትን ዓይን በዚህም ላይ ሊጠቀም ይችላል።

አንግሉን ለማግኘት የጥላው ርዝመት ለበትሩ ቁመት ተካፍሎ አርክታንጀንቱ ይወሰዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች አንግልን የሚሰጡት በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ስለሆነ ውጤቱ በ180 ተባዝቶ ለፓይ መካፈል አለበት። ባሕር ዳር ላይ 0.61 የሚል መልስ አግኝቶ የተደናገጠ ተማሪ የተሳሳተው ይህን ብቻ ነው። በ57.3 ሲያባዛው 35 ዲግሪ ያገኛል። የሐዋሳው 30.5 ዲግሪ ይሆናል፤ ልዩነቱ 4.5 ነው። 360 ለ4.5 ሲካፈል 80 ይመጣል። የቀረው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከካርታው ላይ ምን እንለካለን?

በጉግል ካርታ ላይ ርቀት መለካት ቀላል ነው፤ በኮምፒውተር አንዱን ነጥብ በቀኙ የመዳፊት ቁልፍ፣ በስልክ ደግሞ ቦታውን ጫን አድርጎ በመያዝ የርቀት መለኪያውን ማግኘት ይቻላል። በመንገድ የሚኬደውን ርቀት የወሰደ ቡድን መሬትን ከልክ በላይ ያሳብጣታል፤ ይህንን ተማሪዎች ራሳቸው በፍጥነት ይደርሱበታል። የማይታያቸው ስሕተት ሌላ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ብቻ ሳይሆን በ1.1 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅም ትገኛለች። የአየር ላይ ቀጥታ ርቀቱ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ድርሻ ግን 500 ያህል ብቻ ነው። 80 በ515 ሲባዛ 41,200 ኪሎ ሜትር፣ በ500 ሲባዛ ግን 40,000 ይሰጣል። በዋልታዎቹ በኩል ያለው የመሬት ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መስመሩ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ደቡብ፣ ከሐዋሳ ኬክሮስ ጋር እስኪተካከል ድረስ ይሰመር። ካርታው የሚሰጠው 11.6 ዲግሪ በነጥብ የተጻፈ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ማለት እንጂ 11 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ አይደለም።

በሥራ ላይ ውጤቱ እንዲህ ተስተካክሎ እንደማይመጣ ግልጽ ነው። በአንድ ጥላ ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት አንግሉን በ0.4 ዲግሪ ገደማ ይለውጠዋል፤ የምንፈልገው ልዩነት 4.5 ብቻ ስለሆነ የመሬት ዙሪያ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛነፋል። የጋራው ሠንጠረዥ ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የ16 ቡድኖች አማካይ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስሕተት ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ የሁሉም በትር ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን መቶ ቡድንም ቢሆን አያድንም። ይህን ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በራሳቸው ቁጥሮች ሲያዩት ግን ይገባቸዋል።

ፍለጋና ዊኪፔዲያ

ተማሪዎች ውጤታቸውን ከኤራቶስቴንስ ጋር ለማወዳደር ሲነሡ አንድ እንቆቅልሽ ያጋጥማቸዋል። አንዱ ጽሑፍ ሊቁ የተሳሳተው ከ2 በመቶ በታች ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ 16 በመቶ ያህል ያደርሰዋል። ምክንያቱ የአንድ ስታዲዮን ርዝመት አከራካሪ መሆኑ ነው። ስታዲዮኑ 157.5 ሜትር ነው ከተባለ 250,000ው 39,375 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 185 ሜትር ከተባለ ግን 46,250 ይደርሳል። ዊኪፔዲያን በክፍል ውስጥ ለመጠቀም ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ተማሪው ጽሑፉን ገልብጦ እንዲያመጣ ከማዘዝ ይልቅ፣ ከግርጌ ያለውን ማስታወሻ ተከትሎ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ በውይይት ገጹ ላይም ስለ ቁጥሩ ክርክር ተነሥቶ እንደሆነ እንዲያጣራ ማድረግ ነው። «ዊኪፔዲያ አይታመንም» ብሎ መከልከል ቀላል መንገድ ቢሆንም ለተማሪው የሚያስተምረው ነገር የለም።

በአማርኛ የሚፈልጉ ተማሪዎች ደግሞ የፊደላችንን ጠባይ ማወቅ አለባቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዱ አጻጻፍ ያልተገኘ በሌላው ሊገኝ ስለሚችል ሁለትና ሦስቱን መሞከር ያስፈልጋል። ሁለት ቃላት ተያይዘው እንዲፈለጉ ሲፈለግ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባት፣ የማይፈለግ ቃል ሲኖርም ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ማድረግ ፍለጋውን ያጠራዋል። ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራጨው ኪዊክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ከመረቡ ውጭ ለማንበብ ያስችላል፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ እየተቀዳ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዛወራል።

ቴሌግራም፣ ወጪውና ስልክ የሌለው ተማሪ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ብዙ መምህራን የማስተማሪያ ጽሑፍ መላክ የጀመሩት በቴሌግራም ነበር። ልማዱ ቢቀጥልም ቴሌግራም በአብዛኛው የመጻሕፍት መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው የድምፅ መስጫው ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ዘዴ ተማሪዎች አንድን ጥያቄ መጀመሪያ ለየብቻቸው እንዲመልሱ፣ ቀጥሎ ከጎረቤታቸው ጋር እንዲከራከሩ፣ በመጨረሻም እንደገና እንዲመልሱ ያደርጋል። «ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ዜሮ» የሚሉት ጥቂት እንደማይሆኑ ማንኛውም የፊዚክስ መምህር ያውቃል። ለዚህ ሁለት የተለያዩ ድምፅ መስጫዎች ይዘጋጁ። «የፈተና» የተባለው ዓይነት ትክክለኛውን መልስ ወዲያው ስለሚያሳይ ክርክሩን ይገድለዋልና ለመጀመሪያው ዙር አይሁን።

ስለ ወጪ ስናነሣ አንድ የግዕዝ ፊደል በኢንተርኔት ላይ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ መቶ ሆሄ ያለው መልእክት 300 ባይት ብቻ ነው። ፎቶግራፍ ግን በመቶ ሺዎች፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በሚሊዮኖች ባይት ይቆጠራል። ስለዚህ ልኬት በጽሑፍ ይላክ፤ ፎቶግራፍ ካስፈለገ ለአንድ ቡድን አንድ ይበቃል፤ በየስልኩም ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ በማስተካከያው ውስጥ ይዘጋ። ኢንተርኔት ፈጽሞ በሌለበት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሠራል፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ስለሚይዝ ግን ቁጥሩን ብቻ መላክ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ስልክ የሌለው ተማሪ ነው። ብዙ ጊዜ መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባ ሥራው ሁሉ ባለ ስልኩ እጅ ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሎቹ በትከሻው በኩል ያጮልቃሉ። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ አንድ ስልክ ይበቃል፤ ነገር ግን የስልኩ ባለቤት ጸሐፊ ብቻ ይሁን። በትሩን የሚያቆመው፣ ጥላውን የሚለካው፣ ሰዓት የሚይዘውና ልኬቱን ጮክ ብሎ የሚናገረው ሌሎቹ ይሁኑ። ድምፅ ለመስጠትም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው የካርቶን ቁራጮች ከቴሌግራም ያላነሰ ያገለግላሉ፤ ውጤቱን ቆጥሮ በሠንጠረዡ ላይ ማስገባት የአንድ ሰው ሥራ ነው።

ከኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በስፋት የተዋወቁት እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ፕሮግራሞችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይመጣሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሳሳተውንም መልስ አሳማኝ በሆነ አነጋገር ሊያቀርቡት ይችላሉ። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሚሻለው ማስፈተሻ ማድረጋቸው ነው፦ «ታኅሣሥ 12 ቀን በከተማችን ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው በስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ በወረቀት ላይ ይጻፍና ከበትሩ ጥላ ጋር ይመሳከር። ሁለቱ ሳይስማሙ ከቀሩ ኬንትሮሱንና የሰዓት ክልሉን ይዞ ምክንያቱን መፈለግ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።

ታኅሣሥ ላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች ሚያዝያ መጀመሪያ ሌላ ዕድል ይሰጣል። ፀሐይ በየዓመቱ በኢትዮጵያ አናት ላይ ሁለት ጊዜ ታልፋለች፤ ሚያዝያ 6 ገደማ ከሐዋሳ አናት ወደ ሰሜን አልፋ፣ ባሕር ዳር አናት ላይ ግን ገና ሳትደርስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ትሆናለች። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ በባሕር ዳር ጥላው ወደ ሰሜን፣ በሐዋሳ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ የአንድ ሜትር በትር ጥላም በሁለቱም ዘንድ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እንደ ታኅሣሡ አንዱን አንግል ከሌላው የቀነሰ ክፍል ዜሮ ወደሚጠጋ ልዩነት ይደርሳል፤ መሬትም ስፍር ቁጥር የሌለው ዙሪያ ይኖራታል። የሁለቱ አንግሎች ድምር ግን እንደገና 4.5 ገደማ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «የጥላው አቅጣጫ» የሚለውን ዓምድ ቀድሞ የሞላ ቡድን መደመር እንዳለበት ከዚያው ያነበዋል።